ካፖይራ ከኪሎምቦ ወጣ? ሙቀጫውን ፈልጉ

ጥያቄው፦ «ካፖይራ (ውጊያና ጭፈራ የተቀላቀለበት የብራዚል ጨዋታ) የምንማርበት ቦታ አሠልጣኛችን ካፖይራም፣ ሳምባ የሚባለው ጭፈራም፣ ካንዶምብሌ የሚባለው የጥቁሮች እምነትም፣ ፌዥዋዳ የሚባለው ወጥም ከፓልማሬስ ኪሎምቦ የወጡ ናቸው ይለናል። ሌላ ቦታ ደግሞ ኪሎምቦዎች በ1695 ከፓልማሬሱ መሪ ከዙምቢ ሞት ጋር አለቁ የሚል አነበብኩ። ዛሬም በብራዚል የመሬት ካርታ የሚጠይቁ ኪሎምቦዎች አሉ የሚሉም አሉ። የቱን ልመን? ካሉስ ለብራዚል ጥቁሮች ባህል ያቆዩት ምንድን ነው?»

ኪሎምቦ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ከባርነት የኮበለሉ ጥቁሮች የሰፈሩበት መንደር ነው፤ ፓልማሬስ ከሁሉ የታወቀው ነው። አሠልጣኙ የዘረዘሯቸው አራት ነገሮች ግን ከዚያ ለመውጣታቸው ማስረጃ የለም። አብዛኞቹ የወደብ ከተማና የሸንኮራ አገዳ እርሻ ልጆች ናቸው። ኪሎምቦዎች በ1695 አለቁ የሚለውም ስህተት ነው፤ ዛሬ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሰው «እኔ ኪሎምቦላ (የኪሎምቦ ሰው) ነኝ» ብሎ ተቆጥሯል። ያቆዩትን ለማየት ግን ዓይንን ከግጥሚያው ሜዳ አንሥቶ ወደ ማሳው፣ ወደ ዱቄት ቤቱና ወደ ከበሮው ማዞር ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ ልጀምር፤ ግማሹ ግራ መጋባት ከዚያ ነው የሚመጣው። «ኪሎምቦ» ከአንጎላው የኪምቡንዱ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ የጦር ሰፈር ነው። ፓልማሬስ በቆመበት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት ሰነዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሞካምቦ» ነው የሚሉት፤ ጎጆ፣ መሸሸጊያ እንደማለት። «ኪሎምቦ» የበረታው በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአሳዳጆቹ ወረቀት ላይ ነው። በ1720ዎቹ በወርቅ አገሩ በሚናስ ዤራይስ የወጣ ደንብ ለኮብላይ አዳኞች የሚከፈለውን ሲተምን፣ ከአራት በላይ ሆነው ጎጆ ቀልሰውና ሙቀጫ አኑረው ከተገኙ ጥቁሮች መካከል ለተያዘው ለእያንዳንዱ 20 ኦይታቫ ወርቅ ይከፈል ይላል፤ በዛሬ ልክ 72 ግራም ገደማ ነው። ሙቀጫው ምን አገባው? ከግንድ የተፈለፈለ ሙቀጫ ተሸክሞ የሚሸሽ የለም። ሙቀጫ ያለበት ሰፈር የሚወቀጥ እህል አለው፤ እህል ካለው ማሳ አለው፤ ማሳ ያለው ደግሞ ሊከርም ያሰበ ነው። በ1740 የፖርቱጋል የባሕር ማዶ ጉዳዮች ምክር ቤት ትርጉሙን ይበልጥ አሰፋውና፣ ሰው በሌለበት ስፍራ ከአምስት የሚበልጡ ኮብላይ ጥቁሮች የሰፈሩበት ሁሉ፣ ጎጆ ባይሠሩም ሙቀጫም ባይገኝባቸው፣ ኪሎምቦ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ሰው ዛፍ ሥር ቢያድርም ኪሎምቦ ሆነ።

ይህ የአሳዳጅ ትርጉም ነው፤ መዝገበ ቃላቱም የትምህርት ቤት መጽሐፉም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲደግመው ኖሯል። «ከዙምቢ ጋር አለቀ» የሚለው ንባብም የዚሁ ውላጅ ነው። ኪሎምቦ ማለት ሽሽት ብቻ ከሆነ አሳዳጅ ሲጠፋ አብሮ መጥፋት አለበትና።

ፓልማሬስ አንድ መንደር አልነበረም። በዛሬዎቹ የአላጎአስና የፔርናምቡኮ ክፍላተ ሀገር ወሰን ላይ፣ በዘንባባ ጫካና በተራራ የተበተኑ ሞካምቦዎች ማኅበር ነበር። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ጀምሮ ወደ መቶ ዓመት ቆይቷል። የሕዝቡን ቁጥር የዘመኑ ጸሐፊዎች 20,000፣ ከዚያም አልፈው 30,000 ያደርሱታል። የጦር አለቃ የጠላቱን ብዛት ሲጽፍ እጁ አይሳሳምና ይህን አኃዝ በጥርጣሬ መያዝ ይበጃል። ይልቅ የሚያስተማምነው በ1645 የዘመተ የሆላንድ ጦር የዕለት ማስታወሻ ነው፦ በሁለት ረድፍ አጥር የተከበበ ሰፈር፣ 220 ቤቶች፣ መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ አራት የብረት መቀጥቀጫና አንድ ሰፊ የመማክርት ቤት። ቤተ ክርስቲያኑን ልብ ይሏል። «ከሁሉ ተነጥላ ጫካ ውስጥ የቆመች ንጹሕ አፍሪካ» የሚለው ሥዕል እዚህ ላይ ይሰነጠቃል። በ1992 እና በ1993 ሴራ ዳ ባሪጋ ተራራ ላይ የቆፈሩ አርኪዮሎጂስቶችም ያገኙት ሸክላ ብዙው የነባር ሕዝቦች አሠራር ያለው ነው። አጠገባቸው ከነበሩ ገበሬዎችም ጋር እህል ሰጥተው ጨው፣ ብረትና ባሩድ ይቀበሉ ነበር።

የአወዳደቁ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በ1678 መሪው ጋንጋ ዙምባ ከፔርናምቡኮ ገዥ ጋር ስምምነት ገብቶ ኩካኡ ወደሚባል ቦታ ወረደ። ስምምነቱ በፓልማሬስ ለተወለዱት ነፃነት ሲሰጥ በቅርቡ የኮበለሉትን አሳልፎ የሚሰጥ ስለነበር ማኅበሩን ለሁለት ከፈለው። ጋንጋ ዙምባ ተገደለ፤ አልስማማም ያለው ዙምቢ ትግሉን ቀጠለ። ዋና ሰፈሩ ማካኮ በየካቲት ወር 1694 በዶሚንጎስ ዦርዤ ቬልዩ ጦር ወደቀ። ዙምቢ ኅዳር ላይ፣ በኖቬምበር 20 ቀን 1695፣ ተገድሎ ጭንቅላቱ ሬሲፌ ከተማ ላይ ተሰቀለ።

አሁን ወደ ካፖይራው። ከፓልማሬስ ጋር ያያያዘው አንድም የቃሉ ነገር ነው። «ካፖይራ» በቱፒ ቋንቋ ተመንጥሮ እንደገና የበቀለ ቁጥቋጦ ማለት ነው የሚል አስተያየት አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ «ኮብላዮቹ ቁጥቋጦ ውስጥ የተዋጉበት ጥበብ» ማለት ቀላል ሆነ። ማስረጃው ግን የሚገኘው ከተማ ነው። በ1789 ሪዮ ዴ ዣኔይሮ ውስጥ አዳዎ የሚባል በባርነት የተያዘ ሰው በካፖይራ ተከሶ የተፈረደበት መዝገብ አለ። ከዚያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሪዮ የእስር ቤት መዝገብ በካፖይራ ተከሳሾች የተሞላ ነው፤ ተሸካሚዎች፣ የወደብ ሠራተኞች፣ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። የ1890 የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 402 ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ደነገገበት። ሕጉ የሚናገረው በጎዳናና በአደባባይ ስለሚደረግ ነው፤ የጫካ ነገር የለበትም።

የዛሬው ካፖይራ የሚታጀብበት ባለ አንድ ክር ቀስት መሰል መሣሪያ፣ ቤሪምባውስ? በ1835 በታተመው የጀርመናዊው ሠዓሊ የሩጌንዳስ የካፖይራ ሥዕል ላይ የሚመታው ከበሮ ነው፤ ቤሪምባው የለም። ቀስቱ መሣሪያ በዚያ ዘመን ብራዚል ውስጥ ነበር፤ ሻጮችና ለማኞች ይጫወቱበት ነበር። ከካፖይራ ጋር የተጣበቀው ግን በኋላ ነው። ዛሬ አሠልጣኝዎ የሚያስተምሯቸው ሁለት ስልቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በብራዚሏ ሳልቫዶር ከተማ በሜስትሬ ቢምባና በሜስትሬ ፓስቲንያ ትምህርት ቤቶች የተቀረጹ ናቸው። ይህ ካፖይራን አያሳንሰውም፤ አድራሻውን ነው የሚያስተካክለው።

ፌዥዋዳን በሁለት ዐረፍተ ነገር ልለፈው። «ጌታው የጣለውን የአሳማ ጆሮና እግር ባሮቹ ከባቄላ ጋር ቀቀሉት» የሚለው ተረት ነው፤ ጆሮና እግር ፖርቱጋሎች ራሳቸው የሚወዱት ሥጋ ነበር፣ ሥጋን ከጥራጥሬ ጋር አብስሎ መብላትም የአውሮፓ ወጥ ቤት የቆየ ልማድ ነው።

ካንዶምብሌ ትንሽ ይለያል። ትልልቆቹ ቤቶች ሳልቫዶር ከተማ ውስጥ ነው የተመሠረቱት፤ ከእነሱ አንዱ፣ ካዛ ብራንካ፣ በ1984 በመንግሥት ቅርስነት የተመዘገበ የመጀመሪያው የካንዶምብሌ ቤት ነው። ነገር ግን ከተማውና ጫካው ግድግዳ አልነበራቸውም። በ1826 ሳልቫዶር ዳርቻ ላይ ዜፌሪና የምትባል ሴት የታገለችበት የኡሩቡ ኪሎምቦ በአቅራቢያው ካለ የአምልኮ ቤት ጋር ይገናኝ ነበር። በፔርናምቡኮ ደግሞ ከዚህም የሚገርም አለ። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ከሬሲፌ በላይ ባለው በካቱካ ጫካ የነበሩ የኪሎምቦ አለቆች «ማሉንጊንዮ» ይባሉ ነበር። ስሙ የመጣው «ማሉንጎ» ከሚለው ቃል ነው፤ በአንድ መርከብ ተጭነው የመጡ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ነው። ዛሬ ማሉንጊንዮ ዡሬማ በሚባለው የአካባቢው እምነት ውስጥ መንገድ ከፋች መንፈስ ሆኖ ይጠራል፤ ይዘፈንለታል፣ ትምባሆ ይጨስለታል። በሰነድ ወንጀለኛ ተብሎ በራሱ ላይ ዋጋ የተቆረጠበት ሰው በከበሮ ፊት ባለ ሥልጣን ሆነ።

ታዲያ ከኪሎምቦ ራሱ የመጣው ምንድን ነው? እኔ ቢጠይቁኝ የምጀምረው ከካሳቫ ዱቄት ነው። ማስተማሪያዎች ብዙም አያነሡትም፤ አይጨፈርበትምና። ካሳቫ፣ በእኛ አገር በጋሞና በወላይታ በኩል «የእንጨት ቦዬ» የሚባለው፣ የብራዚል ነባር ሕዝቦች ሰብል ነው። ኮብላዩ የፈለገው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። የዘመቻ ጦር መጀመሪያ የሚያቃጥለው ማሳ ነው፤ በቆሎ ከተቃጠለ የዓመት ቀለብ ሄደ፣ ካሳቫ ግን ምግቡ ከመሬት በታች ነው። አንድ ዓመት ተኩል፣ ከዚያም በላይ ሳይነቀል ይቆያል፤ ሲያስፈልግ እየነቀሉ ይበሉታል። ዱቄቱም ቢደርቅ ለወራት አይበላሽም፤ እሳት ሳያነዱና ጭስ ሳያሳዩ በውኃ በጥብጦ መብላት ይቻላል።

ችግሩ መርዙ ነው። መራራው ዓይነት ካሳቫ ሲፋቅ ሲያናይድ ይለቃል። ስለዚህ አሠራሩ እስካሁን በማራንያዎም በፓራም ክፍላተ ሀገር ባሉ ኪሎምቦዎች እንዲህ ይሄዳል። ሥሩን ከእነ ልጡ ወይም ልጠው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ወንዝ ዳር ይነክሩታል፤ በጣት ሲጫኑት ከፈረሰ ደርሷል። ቸኩሎ በሁለተኛው ቀን ያወጣ ሰው የማይፈጭ ሥርና መርዙ ያልወጣለት ሊጥ ይይዛል። ከዚያ ይፈጩትና «ቲፒቲ» ውስጥ ይጠቀጥቁታል። ቲፒቲ ከዘንባባ ልጥ የተጠለፈ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ረጅም ቀጭን ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ምሰሶ ላይ ሰቅለው በሌላው ጫፍ ግንድ አስገብተው ሰው ይቀመጥበታል፤ ቱቦው ሲለጠጥ ይጠብባል፣ ቢጫው ውኃ ይንጠባጠባል። ይህ ውኃ መርዝ ስለሆነ ከብት በማይደርስበት ዕቃ ይጠራቀማል፤ ከታች የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ታፒዮካ ነው፣ ከላይ ያለው ፈሳሽም ብዙ ተፈልቶ መርዙ ሲጠፋ መረቅ ይሆናል። የደረቀው ሊጥ በወንፊት ይነፋና ሰፊ ምጣድ ላይ በረጅም የእንጨት መቅዘፊያ እየተማሰለ ይቆላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ እሳቱ ከበረታ እርጥቡ ስታርች ይጣበቅና ጓል ይሠራል፤ እሳቱ ከደከመ ዱቄቱ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀርና በሳምንታት ውስጥ ይሻግታል። ደህና የሠራ ሰው ከ100 ኪሎ ሥር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዱቄት ያገኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ጉልበት አይሞከርም። ልጣጩን የሚልጡት ሴቶችና ሕፃናት፣ ማማሰያው ላይ የሚቆሙት ጎረቤቶች ናቸው፤ ዱቄት ቤቱም የሰፈሩ ነው እንጂ የአንድ ቤተሰብ አይደለም። የሰፈሩ ወሬ፣ የጋብቻ ድርድር፣ የልጆች ትምህርት የሚካሄደው እዚያ ነው።

ደቦውም ከዚሁ ይቀጥላል። በሳዎ ፓውሎ ክፍለ ሀገር በሪቤይራ ሸለቆ ያሉ ኪሎምቦዎች «ፑሺራዎ» ይሉታል። ባለ ማሳው ምግብና መጠጥ ያዘጋጃል፣ ሰፈሩ ወጥቶ ይመነጥራል ወይም ያጭዳል፣ ማታ ቫዮላ በሚባለው የጊታር ዓይነትና በእግር ምት ሲጨፈር ያድራል። ጭፈራው የሥራው ክፍያ ስለሆነ ደቦ ሲቀር ጭፈራውም ይቀራል። ይህን ያልተረዳ የባህል ፕሮጀክት ነው መድረክ ሠርቶ፣ ዩኒፎርም አልብሶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ «ወጣቱ ፍላጎት አጣ» የሚለው። የሸለቆው ሰዎች ትንሽ ቦታ መንጥረው ያቃጥላሉ፤ ሩዝ፣ ባቄላ፣ በቆሎና ካሳቫ ያፈራርቃሉ፤ ሁለት ሦስት ዓመት አርሰው መሬቱን ለብዙ ዓመት ያሳርፉታል፣ ጫካው ተመልሶ ይገባበታል። መንግሥት በ2018 ይህን የአስተራረስ ሥርዓት የብራዚል ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። የሚያናድደው ነገር ያው መንግሥት ለምንጣሮው የአካባቢ ጥበቃ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ሲመጣ ዓመቱ ባከነ፤ አንድ ዓመት ያልተዘራ የአገር ዘር ደግሞ ይጠፋል። ከ2008 ጀምሮ በኤልዶራዶ ከተማ በየዓመቱ የዘር መለዋወጫ ገበያ የሚያካሂዱት ለዚህ ነው። እዚያ ዘር በዘር ይለወጣል።

ስለ ከበሮ ካነሣን ከሁሉ የማስቀድመው የማራንያዎውን ታምቦር ዴ ክሪዮላ ነው፤ በ2007 በቅርስነት ተመዝግቧል። አንድ ስብስብ፣ እነሱ «ፓሬልያ» የሚሉት፣ ሦስት ከበሮ ነው። ትልቁን የሚመታው ሰው ቆሞ፣ ከወገቡ አስሮ፣ በጭኖቹ መካከል ይዞት ነው። መካከለኛውና ትንሹ መሬት ላይ ተጋድመው መቺዎቻቸው ይፈናጠጡባቸዋል። ከትልቁ ከበሮ ኋላ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ በሁለት ዱላ እንጨቱን ይቀጠቅጣል። ትንሹ ሳይለወጥ ይፈጥናል፣ መካከለኛው ይመልስለታል፣ ትልቁ ይናገራል። ቆዳው የሚወጠረው በእሳት ነው። ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ አንድደው ከበሮዎቹን አፋቸውን ወደ እሳቱ አዙረው ያሞቋቸዋል፤ በየመካከሉ በእጅ መታ መታ አድርገው ይሰማሉ። በጣም ከቀረበ ቆዳው ይሰነጠቃል። ከራቀ ደግሞ የባሕር ዳሩ እርጥበት ቆዳውን ያረግበውና ድምፁ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይሞታል። ስለዚህ እሳቱ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። አሁን አሁን ከውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ የተሠሩ ከበሮዎች ገብተዋል፤ ቀላል ናቸው፣ አይነቅዙም፣ ለተጓዥ ቡድን ይመቻሉ፤ ድምፃቸው ግን ሆድ ውስጥ አይገባም።

የሚጨፍሩት ሴቶች ናቸው፤ አበባ ያለው ሰፊ ጉርድ ለብሰው አንዷ ከትልቁ ከበሮ ፊት ትገባለች። ልትወጣ ስትል ሌላዋን ሆድ ለሆድ ታገናኛታለች፤ «ፑንጋ» ይሉታል፣ ተራሽ ደረሰ ማለት ነው። ገጠር ባሉ ኪሎምቦዎች የወንዶች ፑንጋም አለ፤ በጉልበትና በእግር ጠልፎ መጣል ነው። ካፖይራ ለሚማር ሰው ይህ ሊያስደስት ይገባል፤ ከኪሎምቦ ጋር ዝምድና መፈለግ ካስፈለገ እዚህ አካባቢ መፈለግ ይሻላል። ሰዎቹ ራሳቸው ጨዋታውን የሚገልጹት እንዲህ ነው፦ በእሳት ይቃኛል፣ በቡጢ ይመታል፣ በርግጫ ይጨፈራል። ሥርዓቱ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ለጥቁሩ ቅዱስ፣ ለሳዎ ቤኔዲቶ፣ የተሳለ ሰው ስለቱን ሲያስገባ ነው።

ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቀድሞ የቡና እርሻዎች አካባቢ፣ ዦንጎ አለ። ሳዎ ዦዜ ዳ ሴራን የመሰሉ የሪዮ ኪሎምቦዎች ይዘውታል፤ በ2005 ተመዝግቧል። ሁለት ከበሮ ነው፤ ትልቁ ታምቡ፣ ትንሹ ካንዶንጌይሮ። ግጥሙ አጭር፣ ሁለት ስንኝ ቢሆን ነው፣ ነገር ግን የእኛን ቅኔ ያህል ይከደናል። ሰሙ ስለ በሬ፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ ጅረት ነው፤ ወርቁ ስለ እርሻው አለቃ ወይም ፊት ለፊት ስለቆመው ተቀናቃኝ። አንዱ ግጥም «ያስራል»፣ ሌላው «መፍታት» አለበት። መልሱን ያገኘ ወይም ግጥም መለወጥ የፈለገ ሰው ከበሮው ላይ እጁን ጭኖ «ማሻዶ!» ይላል፤ መጥረቢያ ማለት ነው። ምቱ ወዲያው ይቆማል። መጥረቢያ ሳይጮህ ሌላ ግጥም የጀመረ ሰው ነውር ሠራ።

ሽሽቱን በጨዋታ የሚያስታውሱም አሉ። በሴርዢፔ ክፍለ ሀገር ላራንዤይራስ ከተማ በየዓመቱ በኦክቶበር «ላምቤ ሱዦ» የሚባሉት ኮብላዮችን ወክለው ከአናት እስከ እግር በጥቁር ቀለምና በሸንኮራ ዝቃጭ ይቀባሉ፤ እነሱን እንዲያድኑ የተላኩትን ነባር ሕዝቦች የሚወክሉት ደግሞ ቀይ ይቀባሉ። ቀኑን ሙሉ በከተማው ይሯሯጣሉ፤ ተመልካቹን ካገኙት ይለቀልቁታል። መጨረሻው ላይ የሚሸነፉት ጥቁሮቹ ናቸው፤ ጨዋታው የድል ታሪክ አይደለም፣ የሆነውን እንደሆነ ነው የሚይዘው። ነጭ ልብስ ለብሶ የሄደ ጎብኚ ግን ሸንኮራው በቀላሉ እንደማይለቅ ቤቱ ሲገባ ይማራል።

አሁን «ዛሬ አሉ ወይ» ወደሚለው ልምጣ። ዛሬ ኪሎምቦ ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹን ኮብላይ አልመሠረታቸውም። በፔርናምቡኮ ደረቅ መሬት ያለችው ኮንሴይሳዎ ዳስ ክሪዮላስ በነዋሪዎቿ ትውፊት ስድስት ጥቁር ሴቶች ጥጥ ፈትለው ሸጠው በገዙት መሬት የቆመች ናት፤ የግዢው ዓመት 1802 ነው ይባላል። ካፉንዶ፣ ሳዎ ፓውሎ ውስጥ፣ ጌታው ሲሞት ለነፃ ወጪዎች ያወረሰው መሬት ነው። እዚያ ኩፖፒያ የሚባል፣ የባንቱ ቋንቋዎችን 160 ገደማ ቃላት በፖርቱጋልኛ ሰዋስው የሚናገሩበት የምሥጢር ንግግር አለ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የቋንቋ ተመራማሪዎች ደረሱበት። በማራንያዎ የጥጥ እርሻው ሲከስር ጌቶቹ ትተውት የሄዱት መሬት ላይ የቀሩ ሞልተዋል። በአማዞን በትሮምቤታስ ወንዝ ያሉት ግን እውነተኛ ኮብላዮች ናቸው፤ ጀልባ የማይወጣውን ፏፏቴ አልፈው ሰፈሩ፣ ባርነት ሲቀር ቀስ በቀስ ወረዱ። አንድ የሚያደርጋቸው አመጣጣቸው ሳይሆን መሬቱን በወል መያዛቸው ነው። ወረቀት ያጡት በ1850 ሕግ ነው፤ ያ ሕግ የመንግሥት መሬት በግዢ ካልሆነ አይያዝም አለ፤ ባርነት የቀረው በ1888 ነው፣ ያኔ አንድ ጋሻ መሬት የተሰጠው ነፃ ወጪ የለም።

የ1988ቱ ሕገ መንግሥት በመሸጋገሪያ ድንጋጌዎቹ አንቀጽ 68 ላይ፣ በመሬታቸው ላይ ለሚኖሩ የኪሎምቦ ማኅበረሰቦች ተወላጆች ባለቤትነቱ ይታወቃል፣ መንግሥትም ካርታ ይሰጣቸዋል አለ። የመጀመሪያው ካርታ በ1995 በትሮምቤታስ ለቦአ ቪስታ ተሰጠ። አሠራሩን የወሰነው የ2003ቱ ድንጋጌ ቁጥር 4887 ነው። ማኅበረሰቡ ስብሰባ ጠርቶ በቃለ ጉባኤ «ኪሎምቦ ነን» ይላል፣ አጭር ታሪኩን አያይዞ ለፓልማሬስ የባህል ተቋም ያቀርባል፣ የምስክር ወረቀት ያገኛል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ከ3,000 በላይ አግኝተዋል። ቀጥሎ የመሬት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ኢንክራ አንትሮፖሎጂስትና ቀያሽ ልኮ ወሰኑንና ቤተሰቦቹን የያዘ ጥናት ያዘጋጃል። ጥናቱ በጋዜጣ ይወጣል፤ ተቃዋሚ 90 ቀን አለው። ከዚያ እውቅና፣ መሬቱ ላይ የግል ባለቤት ካለም የፕሬዚዳንት የማስለቀቂያ ድንጋጌና ካሳ። መጨረሻ ላይ ካርታው በማኅበሩ ስም ይወጣል፤ አይሸጥም፣ አይከፋፈልም፣ በዕዳ አይያዝም። ልክ እንደ ወል ርስት።

የሚጣበቀው ሁልጊዜ መካከል ላይ ነው፤ ቀያሹ አይላክም፣ የካሳው በጀት አይያዝም፣ ወይም የማኅበሩ የአመራር ምርጫ ጊዜው አልፎበት ካርታው የሚወጣበት ስም ይጠፋል። አንድ ፓርቲ በ2004 ድንጋጌውን ፍርድ ቤት ከሶት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጋዊ ነው ያለው በ2018 ነው፤ 14 ዓመት ሁሉም ሰው ይህን ሰበብ ነበረው። የ2022 ቆጠራ ኪሎምቦላዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆጥር ወደ 1,700 በሚጠጉ ወረዳዎች አገኛቸው፤ ከእነዚህ ካርታ በወጣለት መሬት የሚኖሩት ከመቶ 4.3 ብቻ ናቸው። በማራንያዎ አልካንታራ ወረዳ ከአሥር ሰው ስምንቱ ኪሎምቦላ ነው፤ በ1980ዎቹ ለሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ 312 ቤተሰቦች ከባሕሩ ዳር ተነሥተው ወደ ውስጥ ተወስደዋል። ዓሣ አጥማጅን ከባሕር ስታርቀው ምግቡን ብቻ ሳይሆን ዘፈኑንም ነው የምትወስደው። ባሂያ ውስጥ የፒታንጋ ዶስ ፓልማሬስ መሪ የነበሩት ማይ ቤርናዴቴ በኦገስት 2023 ቤታቸው ውስጥ በጥይት ተገድለዋል፤ ይህን የማነሣው መሬቱ ዛሬም ደም የሚያፈስ ጉዳይ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

የአሠልጣኝዎ አባባል ከየት መጣ ቢሉ፣ ከ1970ዎቹ ነው። በ1971 በፖርቶ አሌግሬ ከተማ ባለቅኔው ኦሊቬይራ ሲልቬይራ ያሉበት ቡድን፣ ነፃነትን ልዕልት እንደሰጠች አድርጎ ከሚያከብረው ከሜይ 13 ይልቅ ዙምቢ የሞተበትን ኖቬምበር 20 እናክብር አለ። በ1978 የጥቁሮች ንቅናቄ ቀኑን ተቀበለው፤ ከ2024 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ነው። ያን ጊዜ «ኪሎምቦ» የጥቁር ሕዝብ ኅብረት ሁሉ ስም ሆነ። የታሪክ ተመራማሪዋ ቤያትሪዝ ናሲሜንቶ ከተማ ውስጥ ያለን የጥቁሮች ሰፈርም የዳንስ ቤትም በዚሁ ዓይን አየችው። ካፖይራም እዚያ ጥላ ሥር ገባ። አሠልጣኙ «ካፖይራ ኪሎምቦ ነው» ቢሉ አልከራከራቸውም፤ «ፓልማሬስ ውስጥ ተፈጠረ» ሲሉ ግን ሰነዱን እጠይቃለሁ።

ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ካለ፣ ሴራ ዳ ባሪጋ ከማሴዮ ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኖቬምበር 20 በሰው ስለሚጥለቀለቅ ተራራውን በጸጥታ ማየት የሚፈልግ ሌላ ቀን ይምረጥ። ጎያስ ውስጥ ያለው የካሉንጋ ምድር ወደ 262,000 ሄክታር ይሰፋል፤ ወደ ፏፏቴዎቹ የሚገባው ከማኅበረሰቡ አስጎብኚ ጋር ነው። ታምቦር ዴ ክሪዮላ ለማየት በጁን የሳዎ ዦዋዎ በዓል ሰሞን ሳዎ ሉዊስ ይሻላል። የተጻፈውን ሰዓት አይመኑ፤ ከበሮዎቹ የሚሞቁበትን እሳት ፈልገው እዚያ ይቁሙ።